ፒፓ የሚያረጀው በየት በኩል ነው?

ያረጀ ፒፓ ለጥገና ሲመጣለት፣ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ አስቀድሞ ሦስት ቦታ ይመለከታል፤ ትምባሆ የሚጫንበትን እራስ ከነከንፈሩና ከነውስጥ ግድግዳው፣ አንገቱ ከመንከሻው ጋር የሚጋጠምበትን ስፍራ፣ በመጨረሻም ጥርስ የሚያርፍበትን ጫፍ። በመጀመሪያው እሳት ይውላል፤ በሁለተኛው እርጥበት ይተኛል፤ በሦስተኛው ክብደት ይንጠለጠላል። ወድቆ ካልተሰበረ ወይም ተቀምጠውበት ካልተሰነጠቀ በቀር፣ ፒፓ የሚሞተው ከእነዚህ ከሦስቱ በአንዱ በኩል ነው። የትኛው እንደሚቀድም ደግሞ ፒፓው ገና አንድም ጊዜ ሳይለኮስ፣ ቅርጹ ሲወጣለት አብዛኛው ተወስኗል።

ብዙ ሰው የዕቃ እርጅና የዘመን ብዛት ወይም የባለቤት ግዴለሽነት ብቻ ይመስለዋል። የፒፓ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ዕቃውን ተወዳጅ የሚያደርገው ቅርጽ ራሱ የሚደክምበትን ቦታ ይዞ ይመጣል። ጭስ የሚያቀዘቅዘው ርዝመት ይሰበራል፤ ለጥርስ የሚቀለው ጥምዝ እርጥበት ያቁራል፤ ለእጅ የሚቀለው ስስ ግድግዳ ይቃጠላል። ይህን መመርመር ትምባሆን ማወደስ አይደለም። ትምባሆ በፒፓም ተጨሰ በሲጋራ ጤና ይጎዳል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ዕቃው ነው። እሳትን፣ እርጥበትን፣ ክብደትንና የሰው ጥርስን በአንድነት እንዲሸከሙ የተሠሩ ትናንሽ ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፤ እንደ ፒፓ ያረጁበት መንገድ በግልጽ የሚነበብባቸው ደግሞ ከዚያም ያነሱ ናቸው።

ርዝመትና ስብራት

ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ከሸክላው ፒፓ እንጀምር። እንግሊዞች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ፣ ከአሜሪካ ተወላጆች የመጣውን የማጨስ ልማድ ሲይዙ ፒፓቸውን የሠሩት ከነጭ ሸክላ አፈር ነበር። ትምባሆ ውድ ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ፒፓዎች እራስ እጅግ ትንሽ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የቨርጂኒያ ትምባሆ በዝቶ ዋጋው ሲወርድ እራሱ እየሰፋ፣ ዘንጉም እየረዘመ ሄደ። ርዝመቱ ለታይታ ብቻ የመጣ አልነበረም። ጭሱ ረጅም መንገድ ሲጓዝ ይቀዘቅዛል፤ የጋለው እራስም ከፊት ይርቃል። ሙያው ወደ ኔዘርላንድ ተሻግሮ በጋውዳ ከተማ ሲደላደል፣ የከተማዋ ፒፓ ሠሪዎች በ1660 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን የሙያ ማኅበር እስከ ማቋቋም ደረሱ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ሠሪው ጭቃውን በመዳፉ እያንከባለለ ቀጭን ዘንግ ያወጣል፤ በመሐሉ ሽቦ ያስገባል፤ ከዚያም ሁለት ገጽ ባለው የብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ አድርጎ ይጫነዋል። እራሱን በብረት ይጎደጉድና ሲደርቅ ይተኩሰዋል። ሽቦው ተስቦ ሲወጣ የተወው ቀዳዳ የጭሱ መንገድ ይሆናል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በአንድ ጫፉ ተይዞ በሌላው ጫፉ ክብደት የተንጠለጠለበት ዘንግ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን፣ በተያዘበት ቦታ የሚያርፍበት ጫና እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ግን ያው ክብደት የሚያሳድረው ጫና ወደ 8 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ዘንግን በአንድ ጊዜ ማስረዘምና ማቅጠን ድካሙን በብዙ እጥፍ ማባዛት ነው። የተተኮሰ ሸክላ ደግሞ እንደ እንጨት አይለመጥም፤ ከአቅሙ በላይ ሲጫኑት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሠሪዎቹ የነበራቸው አማራጭ አንድ ነው፤ ዘንጉ ሲቀጥን ግድግዳው እንዳይሳሳ የውስጡን ቀዳዳ ማጥበብ።

ይህ በገዛ ዓይናችን ልናየው የምንችለው ነገር ነው። ጂን ሃሪንግተን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያ በቨርጂኒያ፣ በጄምስታውን ከመሬት የወጡ የፒፓ ዘንግ ስባሪዎችን ቀዳዳ ለካ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የተሠሩት ቀዳዳቸው 9/64 ኢንች፣ ማለት 3.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ 4/64 ኢንች ደርሷል፤ ይህም 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሃሪንግተን ግኝቱን በ1954 አሳተመ። በ1962 ደግሞ ሉዊስ ቢንፎርድ ወደ ቀመር ለወጠው። የስባሪዎቹን አማካይ ቀዳዳ በ64ኛ ኢንች ለክቶ በ38.26 ማባዛት፣ ውጤቱን ከ1931.85 መቀነስ ነው። አማካዩ 7 ቢሆን 1664 ይመጣል፤ ስባሪዎቹ የተጣሉበት ዘመን በዚያ አካባቢ ነው ማለት ነው። ቀመሩ ለ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና ከዚያ ወዲህ ላለው ጊዜ አይታመንም፤ ከዚያ በፊት ላለው ግን የብዙ ፍርስራሾችን ዕድሜ ለመገመት አገልግሏል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ይህ ሁሉ ማስረጃ የተገኘው ፒፓው በቀላሉ ስለሚሰበር ነው። የሸክላ ፒፓ ርካሽ ነበር፤ ተሠርቶ፣ ተሸጦ፣ ተሰብሮ ለመጣል የሚፈጅበት ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ በአንድ ቦታ የሚገኘው ስባሪ ከተጣለበት ዘመን ብዙም አይርቅም። ረጅም ዕድሜ ያለው ዕቃ ቢሆን ኖሮ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፍና ዘመንን ለመለየት እምብዛም ባልጠቀመ ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝና የአየርላንድ ሠራተኛ ሌላ ቅርጽ መረጠ። ድንጋይ የሚሸከም፣ አካፋ የሚይዝ ሰው ሁለቱም እጆቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ፒፓው በጥርስ ተነክሶ መዋል አለበት። አጭሩ ፒፓ ለዚህ ተመቸ። ዘንጉ ስላጠረ የመሰበር ዕድሉ ቀነሰ። ግን ጭሱ ሳይቀዘቅዝ አፍ ደረሰ፤ የጋለው ሸክላም ወደ ከንፈር ቀረበ። ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ቶማስ ፎን ዞመሪንግ በ1795 የከንፈር ካንሰር ፒፓ በሚያጨሱ ሰዎች ላይ እንደሚበዛ ጽፎ ነበር። ከዚያ ዘመን መቃብሮች በወጡ አጽሞች ላይም ሸክላው ፈግፍጎ የበላው ክብ ቀዳዳ ይታያል፤ የላይኛውና የታችኛው ጥርስ ሲገጥሙ ዘንጉ ያልፍበት የነበረው ቦታ ልክ እንደ ተሰረሰረ ሆኖ ቀርቷል። ከዘንጉ ላይ የተነሣው ጉዳት ወደ ሰውየው ዞረ ማለት ነው። የዕቃ ጥንካሬ ሲለካ ዕቃው ብቻውን መለካት የለበትም የምለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሳይሰበር የተጠቃሚውን አካል የሚበላ ዕቃ ጠንካራ ሊባል አይገባውም።

ከጉጥ የተፈለፈለው

በ1850ዎቹ በፈረንሳይ የጁራ ተራሮች፣ ከዱሮ ጀምሮ በእንጨት ቅርጻ ቅርጽ በምትታወቀው በሴን ክሎድ ከተማ፣ ብራየር የሚባለው እንጨት ለፒፓ ዋለ። እንጨቱ የሚገኘው ኤሪካ አርቦሪያ ከሚባለው ተክል ነው። ይህ ተክል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ከፍታ ላይ የሚበቅለው አስታ ይኸው ነው። ለፒፓ የሚሆነው ጉጥ የሚመጣው ግን ከሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ ከኮርሲካ፣ ከጣሊያን፣ ከግሪክና ከአልጄሪያ ነው። ግንዱና ሥሩ በሚገናኙበት ቦታ፣ ከመሬት ሥር የሚያብጠው ይህ ጉጥ ለተክሉ የመጠባበቂያ ስንቅ ነው፤ ቃጠሎ ቅርንጫፉን ጠራርጎ ቢወስደው ተክሉ እንደገና የሚያቆጠቁጠው ከዚያ ነው። ጉጡ ተቆርጦ ለረጅም ሰዓት ይቀቀላል፤ ከዚያ ለወራት ቀስ ብሎ ይደርቃል። ከዚህ በኋላ በቶርኖ ይወጣል፤ በትራፓኖ ይበሳል።

ብራየር የሸክላን ድክመት በአብዛኛው አስወገደ። ቢወድቅም ሁልጊዜ አይሰበርም፤ እሳትም በቀላሉ አይበላውም። ቁሱ ሲጠነክር ቅርጹ ነፃነት አገኘ። ቀጥ ያለው ቢሊያርድ፣ አፉ የሚሰፋው ደብሊን፣ አጠር ሰፋ ያለው ፖት፣ አንገተ ረጅሙ ካናዲያን፣ ሆዱ ላይ መስመር የተቀረጸበት ቡልዶግ፣ በትራንስቫሉ ፕሬዚዳንት በፖል ክሩገር ቅጽል ስም የተጠራው እጅግ ጥምዙ ኡም ፖል፣ እነዚህ ሁሉ የብራየር ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። እርጅና ግን አልጠፋም፤ በየቅርጹ ተከፋፈለ።

በመጀመሪያ እሳቱን እንይ። የእራሱ ግድግዳ ሙቀትን ይቀበላል፣ ያሠራጫል። ግድግዳው ስስ ከሆነ ውጭው ቶሎ ይግላል፤ በኃይል የሚስብ አጫሽ እጅ ከገባ ደግሞ እንጨቱ ራሱ ከስሎ ይበሳል። መከላከያው ከአመዱና ከጭሱ በግድግዳው ላይ የሚጋገረው የከሰል ልባስ ነው። ልባሱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ይጠቅማል። ሳይፋቅ ከወፈረ ግን ሲግል የሚለጠጠው ከእንጨቱ ጋር እኩል ስላልሆነ ከውስጥ ገፍቶ እራሱን ይሰነጥቀዋል። ጠባብና ረጅም ጎድጓዳ ያለው ፒፓ ልባሱ ከላይ ይወፍርና ከታች ይሳሳል፤ እሳቱ እምብዛም እስከ መጨረሻው አይወርድማ። አፈ ሰፊው ደግሞ ላዩን በሙሉ ለማቀጣጠል ክብሪቱ ከዳር ዳር መዞር አለበትና ከንፈሩ ቶሎ ይጠቁራል።

ጌጥም የራሱ ዋጋ አለው። ቡልዶግ በሚባለው ቅርጽ ሆዱን የሚዞሩ ሁለት ቀጭን መስመሮች አሉ። በሁለቱ መካከል የምትቀረው የእንጨት ክር እጅግ ቀጭን ናት፤ ፒፓው ጠረጴዛ ሲነካ ቀድማ የምትሸረፈው እሷ ናት። አንገቱ ባለ አራት ማዕዘን የሆነ ፒፓም በተወለወለ ቁጥር ጠርዙ እየዶለዶመ፣ ከሠሪው እጅ ሲወጣ የነበረው ስለት መሰል መስመር እየጠፋ ይሄዳል። ክብ ቅርጽ ሲወለወል የሚያጣው አይታይም፤ ጠርዝ ያለው ያጣው ነገር ከሩቅ ይታያል።

ሁለተኛው እርጥበት ነው። ትምባሆ ሲነድ በውስጡ ያለው ውሃ ይተናል፤ እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ወደ ጠብታ ይመለሳል። ቀጥ ባለ ፒፓ ጠብታው ወደ እራሱ ወለል ይወርዳል ወይም በመጥረጊያ ሽቦ በቀላሉ ይወጣል። በጥምዙ ፒፓ ግን ዝቅተኛው ቦታ አንገቱ ውስጥ ወይም ከአንገቱ ሥር ስለሚሆን ውሃው እዚያ ይቀራል። መብሳቱም ይከብዳል። መሰርሰሪያ የሚሄደው በቀጥታ ነው፤ እጅግ የተጠመዘዘ አንገት ውስጥ ገብቶ ልክ በጎድጓዳው ወለል ላይ መውጣት የእጅ ሙያ ይጠይቃል። ቀዳዳው ከወለሉ ከፍ ብሎ ከወጣ ከሥሩ ያለው ትምባሆ ሳይነድ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ እንጨቱም በዚያ በኩል ይኮመጥጣል። ዝቅ ብሎ ከወጣ ደግሞ የእራሱ መቀመጫ ይሳሳል።

በደብሊን ከተማ ይሠራ የነበረው ቻርልስ ፒተርሰን በ1890 ፈቃድ ያገኘበት አሠራር ለዚህ ችግር የተሰጠ መልስ ነው። በአንገቱ ውስጥ ከጭሱ መንገድ ዝቅ ያለ ትንሽ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ጠብታው እዚያ ይጠራቀማል፣ ጭሱ በላዩ ያልፋል። ብልሃቱ የጥምዙን ቅርጽ ድክመት አምኖ ቦታ ሰጠው። ግዴታም አመጣ፤ ጉድጓዱ ካልተደፋና ካልተጠረገ ውሃው ወደ እንጨቱ ይሰርጋል።

እርጥበቱ ከባድ ጉዳት የሚያደርሰው መጋጠሚያው ላይ ነው። የመንከሻው ወንዴ ክፍል በአንገቱ ሴቴ ቀዳዳ ውስጥ ይሰካል። ቀዳዳው አንገቱን ስለቦረቦረው እዚያ የሚቀረው እንጨት የፒፓው ስስ ክፍል ይሆናል። ሲጨስ እንጨቱ ይሞቃል፣ ይነፋል፣ ወንዴውን አጥብቆ ይይዛል። በዚያች ሰዓት መንከሻውን ጎትቶ ማውጣት ወይም አመዱን ለማራገፍ እራሱን ከጠንካራ ነገር ጋር ማጋጨት አንገቱን ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁ ሲጀምር እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ከቀዳዳው ከንፈር ተነሥቶ የእንጨቱን ዘር ተከትሎ ይሄዳል። ከጊዜ በኋላ የትምባሆው ዝፍት ሲሞላው ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። አንገቱ እንደ እርሳስ የቀጠነ ፒፓ ይህ በሽታ ያጠቃዋል። ጠጋኞች መጋጠሚያውን በብረት ቀለበት የሚያስሩት ለዚህ ነው፤ ከመጀመሪያውም በቀለበት የሚሠሩ ቅርጾች ብዙ ጊዜ ከእኩዮቻቸው በላይ የሚቆዩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ክብደቱ ነው። ጥርስ የሚሸከመው ጫና ከፒፓው ክብደት ሌላ፣ ክብደቱ ከጥርስ የራቀበትን አግድም ርቀት ይከተላል። 45 ግራም የሚመዝን ቀጥ ያለ ፒፓ ክብደቱ የሚያርፍበት ነጥብ ከጥርስ 10 ሳንቲ ሜትር ይርቃል እንበል። ያው ክብደት ያለው ጥምዝ ፒፓ እራሱ ወደ አገጭ ስለሚቀርብ ርቀቱ 6 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የሚጠመዝዘው ኃይል ከ450 ወደ 270 ግራም ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ 40 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። የቀጥተኛው ፒፓ መንከሻ ላይ የጥርስ ጠባሳ ቶሎ የሚጠልቀው ከዚህ የተነሣ ነው። መንከሻው ኤቦናይት ከሆነ፣ ማለትም በድኝ የጠነከረ ጎማ ከሆነ፣ ለጥርስ ይለሰልሳል፤ ፀሐይና ምራቅ ግን ላዩን ወደ ቢጫና አረንጓዴ ይለውጡታል። አክሪሊክ ከሆነ መልኩን አይለውጥም፤ ነገር ግን ጥርስ ላይ ይጠነክራል፣ ሲወድቅም ይሸረፋል።

ሦስቱን አንድ ላይ ስናያቸው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ፒፓን መጠምዘዝ ክብደቱን ያቀላል፣ እርጥበቱን ያባብሳል። አንገቱን ማስረዘም ጭሱን ያቀዘቅዛል፣ የሚሰበርበትን ቦታ ያበዛል። ግድግዳውን ማወፈር ከእሳት ያድናል፣ ጥርስ ላይ ይከብዳል። ከሦስቱም ጠላቶች በእኩል የሚያመልጥ ቅርጽ የለም። ቀጥተኛው ቢሊያርድ በአምራቾችና በአጫሾች ዘንድ ዘመን ተሻጋሪ የሆነው በአንዱም ስለማይበልጥ፣ በአንዱም ክፉኛ ስለማይሸነፍ ይመስለኛል።

ክፍሉን መለወጥ

ለእርጅና ሌሎች መልሶችም ተሰጥተዋል። በአሜሪካ፣ በሚዙሪ ግዛት በዋሽንግተን ከተማ፣ ሄንሪ ቲቢ የተባለ ኔዘርላንዳዊ ስደተኛ በ1869 ከበቆሎ ቆረቆንዳ ፒፓ መሥራት ጀመረ፤ ቀዳዳዎቹን በጀሶ ደፍኖ የሚሠራበትንም ብልሃት በ1878 በስሙ አስመዘገበ። ይህን ፒፓ ተጠቅሞ ያበቃለትን ብትመለከቱ መጀመሪያ የከሰለው ቆረቆንዳው ላይሆን ይችላል፤ ወደ ጎድጓዳው ዘልቃ የገባችው የእንጨት አንገት ጫፍ ናት፤ እሳቱ መሐል ቆማለችና። አጫሹ አያዝንበትም፤ ርካሽ ስለሆነ ጥሎ ሌላ ይገዛል።

በአገራችን ገጠር የሚታወቀው ጋያ ደግሞ ሌላ መንገድ ይዟል። ውሃ የሚይዘው ቅል፣ መሳቢያው ሸምበቆና ከላይ የሚቀመጠው የሸክላ እራስ የተለያዩ ክፍሎች ናቸው። እሳቱን ሸክላው ይሸከማል፤ ውሃውን ቅሉ ይይዛል፤ መሬት ላይ ስለሚቀመጥ ጥርስ ክብደት አይሸከምም። ሦስቱ ጠላቶች ለሦስት ክፍሎች ተከፋፍለዋል። የሸክላው እራስ ቢሰነጠቅ ሌላ ይተካለታል፤ የቀረው ይቀጥላል። ብራየርን በአንድ ቁራጭ የማስዋብ ፍላጎት ያሳጣው ነገር ይኸው ነው፤ እራሱ የተበሳ የብራየር ፒፓ አንገቱ ደህና ቢሆንም ከሞላ ጎደል ሞቷል።

ተጠቃሚውስ?

አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ፒፓ ገዝተው የአንዱ በዓመት ሲሰነጠቅ የሌላው ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ከሆነ፣ ጥፋቱ የቅርጹ ነው ወይስ የሰውየው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የአያያዝ ኃይል ትልቅ ነውና። ፒፓውን ከአንድ ማጨስ በኋላ አሳርፎ የሚያደርቅ፣ መንከሻውን ሳይበርድ የማይነቅል፣ ልባሱን በልክ የሚፍቅ ሰው ፒፓው ይቆይለታል። ሆኖም አያያዝ የሚወስነው መቼን ነው፤ የትን የሚወስነው ቅርጹ ነው። ግዴለሽ ሰው ጥምዙን ፒፓ ቶሎ ያበሰብሳል፣ ጠንቃቃው ዘግይቶ፤ የሚደክመው ቦታ ግን የሁለቱም ያው እርጥበት የሚተኛበት አንገት ነው። ጥንቃቄም ራሱ ፍሬ የሚሰጠው ባለቤቱ ቦታውን ሲያውቅ ነው። የፒፓውን ውጭ በየዕለቱ እየወለወለ ውስጡን የማይጠርግ ሰው ደክሟል እንጂ አልጠበቀውም።

ከዚህም የሚከብደው የፒፓው የራሱ ውድቀት ነው። ብራየር የቁስ ችግሩን ከፈታ፣ ሠሪዎችም ለየድክመቱ መላ ካበጁ፣ ፒፓ ለምን ከብዙው ሰው እጅ ወጣ? መልሱ ከቅርጹ ውጭ ነው። ጄምስ ቦንሳክ የተባለ የቨርጂኒያ ወጣት በ1881 ፈቃድ ያገኘበት መኪና በ10 ሰዓት 120,000 ያህል ሲጋራ ይጠቀልል ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነትም ሲጋራን በወታደሩ ኪስ አስገባ። ሲጋራ የሚጫን፣ የሚጠረግ፣ የሚደርቅ ነገር የለውም፤ ማለቂያው ደቂቃዎች ናቸው፤ እርጅና የሚባል ነገር አያውቀውም። ለዘመናት በጥንካሬ የተሻሻለው ዕቃ የተሸነፈው ምንም ጥንካሬ በሌለው ነገር ነው። ጉዳቱ ደግሞ ከዕቃው ወደ ሳንባ በሙሉ ኃይሉ ተሻገረ፤ ለመሙላትና ለማሳረፍ የሚፈጀው ጊዜ በመቅረቱ ሰው ከቀድሞው አብልጦ ማጨስ ቻለ። ሴን ክሎድ ዛሬም ፒፓ ትሠራለች፤ የሙያው ሙዚየምም አላት፤ የቀድሞው ብዛት ግን የለም።

ከዚህ የምደርስበት ድምዳሜ ከፒፓ ያለፈ ነው። ዕቃ ረጅም ዕድሜ የሚኖረው ሠሪው የሚደክምበትን ቦታ አውቆ ሲሠራው፣ ያ ቦታ ሊደረስበትና ሊጠገን ሲችል፣ ባለቤቱም ለዚያ የሚሆን ጊዜ ሲኖረው ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የቀሩት ሁለቱ አያድኑትም። የሸክላ ፒፓ ሁለተኛው አልነበረውም፤ የተሰበረ ዘንግ አይቀጠልም። ብራየር ሁለቱን ይዞ ሳለ ሦስተኛውን ዘመን ወሰደበት። ስለዚህ አንድን ዕቃ ጠንካራ ነው ብለን ከመግዛታችን ወይም ጠንካራ ነው ብለን ከመሥራታችን በፊት፣ በየት በኩል እንደሚያረጅ መጠየቅ አለብን። ሻጩ መልሱን የማያውቅ ከሆነ፣ ወይም መልሱ «ሲበላሽ ጣለው» ከሆነ፣ የተነገረን ጥንካሬ ዋጋ የለውም።